ለሰሜን ሸዋ አባቶችና ላስታመሟቸው ሁሉ

የፕሮስቴት ዕጢ ምርመራና ቀዶ ሕክምና ዘመቻው በሰላም ተፈጽሟል። ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከአረርቲና ከእነዋሪ በሌሊት ተነሥታችሁ ለመጣችሁ አባቶቻችን፣ ደግፋችሁ ላመጣችኋቸው ልጆች፣ ስንቅ ቋጥራችሁ በሆስፒታሉ በረንዳ ላደራችሁ እናቶቻችን ፈጣሪ ውለታችሁን ይክፈልልን። ምስጋናችን ረዘም ይላል። እያንዳንዳችሁ ያደረጋችሁት ነገር ስለዚህ ሕመም የሚወራውን አንዱን ስሕተት ያረመ ነውና፣ ያልመጡትም አባቶች እንዲያነቡት ወይም እንዲነበብላቸው ዘርዘር አድርገን እንጽፋለን።

ቅድሚያ የምናመሰግነው ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጊድ፣ በእድር ስብሰባም ላይ ስለ ሽንት በግልጽ የተናገራችሁትን ነው። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ መነሣት፣ ሽንት እስኪመጣ ቆሞ መጠበቅ፣ መቅጠንና መቆራረጡ፣ ከጨረሱም በኋላ መንጠባጠቡ "ዕድሜ ነው፣ ይቻላል" እየተባለ ሲታለፍ ኖሯል። ዕጢው በዕድሜ ማደጉ እውነት ነው። በወጣትነት 20 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ከፊኛ ሥር የሽንት ቧንቧውን ከቦ የተቀመጠ ዕጢ ነው። ከ40 ዓመት ወዲያ ውስጠኛው ክፍሉ እየወፈረ ቧንቧውን ያጠብበዋል፤ ዕድሜ በገፋ ቁጥር የሚያገኘው ወንድ ይበዛል። የብዙ ሰው መሆኑ ግን ዝም ብለው እንዲሸከሙት አያደርገውም። ፊኛው ሽንቱን ለመግፋት እየታገለ ይወፍራል፣ ኋላ ይዝላል፤ ሳይወጣ የሚቀረው ሽንት ኢንፌክሽንና ጠጠር ያመጣል፤ ግፊቱ ወደ ላይ ሲመለስ ኩላሊት ይጎዳል። አልጋ ያረሱ አባት "ጃጅተው ነው" ይባላሉ። ብዙ ጊዜ ግን ጢም ካለ ፊኛ እየተረፈ የሚፈስ ሽንት ነው፤ የሽንት ማውጫ ቱቦ ሲገባላቸው በአንድ ጊዜ ከሊትር በላይ የሚወጣላቸው አሉ።

"ጸበሉንም ጠጡ፣ ሐኪም ቤትም ሂዱ" ብላችሁ የላካችኋቸው የጸበል አባቶች፣ በረከታችሁ ይድረሰን። ሽንት የሚያስቸግረው ሰው ብዙ ውኃ ባንድ ትንፋሽ ከጠጣ ፊኛው በድንገት ተለጥጦ ጭራሽ ሊዘጋበት ይችላልና፣ በትንሽ በትንሹ እንዲጠጣ ብትመክሩልን ደግሞ ይበልጥ ትረዱናላችሁ።

በመንዝ፣ በጣርማበር፣ በደብረ ብርሃን ዙሪያ "ብርድ መትቶኝ ነው" የማይል አባት ጥቂት ነው። ቁር ዕጢውን አያሳድገውም፤ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ መቀመጥም እንዲሁ። የሚያሳድጉት ዕድሜና የወንድ ሆርሞን ናቸው። ሆኖም አባቶቻችን የሚሰማቸው ከንቱ አይደለም፦ ሰውነት ሲበርደው ሽንት ይበዛል፣ በፊኛ አንገትና በዕጢው ውስጥ ያለው ጡንቻም ይኮማተራል፤ ስለዚህ የነበረው ችግር በብርድ ይብሳል። ታምሱሎሲን የሚባለው መድኃኒት የሚያላላው ያንኑ ጡንቻ ነው። "ብርድ ካልሆነ ጨብጥ ነው" የሚለው ሐሜትም ስሕተት ነው። ያልታከመ ጨብጥ ቧንቧውን በጠባሳ ሊያጠብበው ይችላል፤ እሱ ግን ሌላ ሕመም ነው፣ ሕክምናውም ሌላ። በዚህ ምክንያት የተቀያየሙ ባልና ሚስት ካሉ ይህን ይወቁልን።

አፍራችሁም ቢሆን የጣት ምርመራውን ለፈቀዳችሁ አባቶች ልባዊ ምስጋና እናቀርባለን። ጓንት በለበሰና ቅባት በተቀባ ጣት በፊንጢጣ በኩል የሚደረግ፣ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ምርመራ ነው። ዝም ብሎ ያደገ ዕጢ ሲዳሰስ ለስላሳና ልምጥ ይላል፤ ጠጣርና ጎርባጣ ከሆነ ካንሰር ያጠራጥራል። ማደጉ ወደ ካንሰር አይለወጥም። ካንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከውጪኛው ክፍል ነው፤ ሁለቱ ባንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ስለሚችሉ ነው የምንመረምረው። ፒኤስኤ የተባለው የደም ምርመራ ከ4 በለጠ ተብሎ ቤተሰብ ሊያለቅስ አይገባም፤ ኢንፌክሽንም፣ የቱቦ መግባትም፣ የዕጢው ማደግ ብቻውንም ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ኢንፌክሽን ከነበረ ታክሞ ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ይደገማል። የዕጢው መጠንም የሕመሙን ክብደት አይናገርም፦ 40 ግራም ሆኖ ሽንት የሚዘጋ አለ፣ 100 ግራም ሆኖ እምብዛም የማያስቸግር አለ።

አሁን ወደ አስታማሚዎች። ሽንት ተዘግቶባቸው፣ ቱቦ ገብቶላቸው የቀዶ ሕክምና ተራ ሲጠብቁ የቆዩትን አባቶች በየቤታችሁ የጠበቃችሁ ልጆችና ምራቶች፣ እናንተ ባትኖሩ ብዙዎቹ ለቀዶ ሕክምና በሚያበቃ ጤና ላይ ሆነው አይደርሱም ነበር። ቱቦውን ጭናቸው ላይ በፕላስተር ላላ አድርጋችሁ ያዛችሁላቸው፤ ሲሳብ ውስጡን ያቆስላልና። ከረጢቱን ከፊኛ ዝቅ፣ ከወለል ግን ከፍ አድርጋችሁ አንጠለጠላችሁ፤ ከፍ ካለ ሽንቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ መሬት ከነካ ጀርም ይገባበታል። ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ ደፋችሁ። ቱቦው የገባበትን ቦታ በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ አጠባችሁ፤ ቅቤም ዱቄትም አልነሰነሳችሁም። ሽንት መውረዱን ሲያቆም ከሁሉ አስቀድማችሁ ቱቦው መታጠፉን ወይም አባት ተኝተውበት መሆኑን አያችሁ። የገባበትን ቀን ከረጢቱ ላይ በእስክሪብቶ የጻፋችሁ ደግሞ በተለይ ተባረኩ። የላቴክስ ቱቦ በ3 ወይም በ4 ሳምንት፣ የሲሊኮን ከሆነ እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ መቀየር አለበት፤ ከቆየ በደለል ይደፈናል።

ቱቦውን ቤት ውስጥ መሳብ በምንም ምክንያት አይገባም። ጫፉ ላይ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ውኃ የያዘ ባሉን ፊኛው ውስጥ ሆኖ ይይዘዋል። ውኃው ከጎን ባለው መግቢያ በሲሪንጅ ሳይመጠጥ ቢጎተት ቧንቧውን ይቀድደዋል፤ ጠባሳውም ኋላ ራሱን የቻለ መዘጋት ያመጣል። ሽንት እንዳይበዛ ብለው ውኃ የሚያቆሙ አባቶችንም "ጠጡ" ብላችሁ ለምናችኋል፣ ደግ አደረጋችሁ። የልብ ወይም የኩላሊት ክልከላ ከሌለ በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ይጠጣል፤ ሌሊት የሚነሣ ሰው ከመኝታው 2 ሰዓት አስቀድሞ ያቆማል።

ደም ለለገሳችሁ ወጣቶች፦ ዕጢው በጣም ትልቅ ሲሆን ሆድ ተከፍቶ ይወጣል፣ አካባቢው የደም ሥር የበዛበት ነውና ደም ተዘጋጅቶ ካልተቀመጠ ቢላ አይነሣም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፊኛው በጨው ውኃ ሲታጠብ ከአልጋው አጠገብ የተቀመጣችሁ ልጆች ሁለት ነገር ተምራችሁ በትክክል ሠርታችኋል። ከረጢቱ ቶሎ ስለሞላ ወይም ስለቀላ ብላችሁ የሚገባውን ውኃ አልዘጋችሁም፤ ቢዘጋ ደም ረግቶ ቱቦውን ይደፍናል። እየገባ መውጣቱን ያቆመ ጊዜ ግን ወዲያው ዘግታችሁ ነርስ ጠራችሁ፤ ያኔ ፊኛው እየተወጠረ ነውና። የገባውንና የወጣውን በደብተር መዝግባችሁ በመያዛችሁ፣ ከወጣው ላይ የገባውን ቀንሰን የሽንቱን ልክ ለማወቅ ቻልን።

ባሎቻችሁን "ታከሙ፣ ምንም አይደል" ላላችሁ እናቶች ትልቅ ምስጋና አለን። አባቶችን ከቤት ያስቀራቸው ዋናው ነገር "ቀዶ ሕክምናው ወንድነት ያጠፋል" የሚለው ወሬ ነው። የሚወጣው ውስጠኛው ያደገው ክፍል ብቻ ነው፤ ለብልት መቆም የሚያገለግሉት ነርቮች ከዕጢው ውጪ ስለሚያልፉ በአብዛኛው አይነኩም። የሚለወጠው የዘር ፈሳሹ ነው፦ ወደ ውጪ መውጣቱ ቀርቶ ወደ ፊኛ ይመለስና ከሽንት ጋር ይወጣል። ጉዳት የለውም፣ ልጅ መውለድን ግን ያስቸግራል፤ ልጅ የሚፈልግ አስቀድሞ ይንገረን። ውጪኛው ክፍል ስለሚቀር ኋላም ምርመራ አይቋረጥ። ለ6 ሳምንት ከባድ ነገር ማንሣት፣ ማረስ፣ ፈረስና በቅሎ መጋለብ፣ ከሚስት ጋር መገናኘትም ይቆያሉ። ተልባ እያፈላችሁ የሰጣችኋቸውም መልካም ነው፤ ዕጢውን አያሟሟውም፣ የሆድ ድርቀትን ግን ያስታግሳል፣ ማማጥ ደግሞ ቁስሉን ያደማዋል።

የፋርማሲ ባለሙያዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ታምሱሎሲን 0.4 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ፣ በየቀኑ ከዚያው ከአንዱ ማዕድ በኋላ እንደሚወሰድ፣ ከአልጋ ሲነሡ ሊያዞር ስለሚችል ቀስ ማለት እንደሚያስፈልግ ስላስረዳችሁ እናመሰግናለን። በጾም ቀን ከሚፈታበት ምግብ በኋላ ይወሰዳል እንጂ አይዘለልም። ፊናስትራይድ 5 ሚሊ ግራም ዕጢውን የሚያሳንሰው ቀስ በቀስ ነው፤ እስከ 6 ወር ሳይጠብቁ "አልሠራልኝም" ብሎ መተው የተለመደ ስሕተት ነው፤ የተሰበረውን ክኒን ነፍሰ ጡር አትንካው። አንድ ልመና ብቻ አለን፦ ሽንት ለተዘጋበት ሰው ላሲክስ የተባለውን ሽንት አብዢ መድኃኒት አትሽጡ። የሚያመነጨውን ይጨምራል እንጂ መውጫውን አይከፍትም፣ የተወጠረውን ፊኛ ይብስ ይወጥረዋል። ክሎርፌኒራሚንና ሱዶኤፌድሪን ያለባቸው የጉንፋን መድኃኒቶችም እንዲሁ ለእነዚህ አባቶች አይሆኑም። ታችኛው ሆድ ተወጥሮ ሽንት ጠብ ካላለ የሚያዋጣው በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ ሄዶ ቱቦ ማስገባት ነው።

"ልውረድ" ሲባሉ ሳያጉረመርሙ መኪና ያቆሙ ሾፌሮችን፣ በለቅሶ ድንኳን አጠገብ መሽኛ ያዘጋጁ የእድር ዳኞችንም አንረሳም፤ በመንገድና በለቅሶ ላይ ሽንት ይዞ መቆየት፣ በበዓል ደግሞ ጠላና አረቄ ሲጨመርበት፣ የብዙ ድንገተኛ መዘጋት መነሻ ነው። ቱቦ የሚወጣላችሁ አባቶች በቀጠሯችሁ ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ድረሱልን። ጠዋት ከወጣ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ድረስ ሽንታችሁን በመለኪያ ተቀብለን በአልትራሳውንድ የቀረውን እናያለን፤ ካልመጣም ሳይመሽ እንደገና ይገባላችኋል። የሚደግፋችሁ አንድ ሰው፣ የመድኃኒቶቻችሁን ማሸጊያ ሁሉና ያንን የመዘገባችሁበትን ደብተር ይዛችሁ ኑ።

የቀዶ ሕክምና ክፍል ሐኪሞችና ነርሶች፣ ሰሜን ሸዋ