ባሕሩን ላክሁልህ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ መቅረቴ ምክንያት የሚገኝለት አይደለም፤ ይቅር በለኝ። ስንለያይ ያችን የድምፅ መቅጃ አስጨብጠኸኝ «ባሕሩን ቀድተህ አምጣልኝ» ያልከኝን ግን አልረሳሁም።

ከመጣሁ ሳምንቴ ነው፤ ያረፍኩት አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ፣ እማዬ ዘንድ ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ባንኜ ተነሣሁ። የቀሰቀሰኝ ጸጥታው ነው። መርከብ ላይ ሞተር በድንገት ዝም ካለ ችግር አለ ማለት ነው። ጨለማው ውስጥ ጫማዬን ስዳብስ የኪዳን ጸሎት ከድምፅ ማጉያው ተሰማ፤ ያን ጊዜ ቤቴ መሆኔ ትዝ አለኝ።

በማግስቱ የቀዳሁትን ለእማዬ አሰማኋት። ባሕር አይታ አታውቅም፤ ማዕበል ትጠብቅ ነበር። ጥቂት አዳምጣ «ይህማ ወፍጮ ቤት ነው» አለች። እውነቷን ነው። በጭነት መርከብ ሌት ተቀን የሚሰማው ባሕሩ ሳይሆን ሞተሩ ነው፤ ከጆሮ ይልቅ በእግርና በደረት ይገባል። ሞተር ክፍሉ ጆሮ ሳይሸፈን አይገባበትም፤ እዚያ የቀዳሁት ሁሉ ተሰነጣጥቆ ተበላሸ። የተሻለውን ያገኘሁት መኝታ ክፍሌ ውስጥ ነው። ማንኪያ የተተወበት የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ማንኪያዋ የብርጭቆውን ከንፈር እየነካች ቀጭን ድምፅ ታወጣለች። ወደብ ተቃርበን ፍጥነት ሲቀነስ ትሳሳለች፣ ከዚያ ዝም ትላለች። መስኮት ሳልከፍት መድረሳችንን የማውቀው በእርሷ ነበር።

ሁለተኛው ቅጂ በቻይና ጠረፍ የገጠመን ጉም ነው። አካባቢው በማይታይበት ጊዜ በጉዞ ላይ ያለ መርከብ ቢበዛ በየ2 ደቂቃው፣ ከ4 እስከ 6 ሰከንድ የሚረዝም ጡሩምባ ይነፋል። ድምፁ ሲያበቃ የሚመልስ መርከብ እንዳለ ለመስማት ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል። እኔ የፈለግሁት ያችን መሐል ነው። በደንብ ካዳመጥህ ከሩቅ ሌላ ጡሩምባ ሲመልስ ትሰማለህ።

ባሕሩን ራሱን ያገኘሁት ከጂቡቲ ወጥተን ቀይ ባሕር ላይ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ወደ መርከቧ ፊተኛ ጫፍ በተራመድህ ቁጥር ድምፁ እየራቀ ይሄዳል። ጫፉ ላይ የሚሰማው ውኃው ሲሰነጠቅ ብቻ ነው፤ አቡጀዲ በሁለት እጅ ሲቀደድ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቀዋለህ፤ ልክ እንደዚያ፣ ግን ማብቂያ የሌለው። ነፋሱ እንዳያበላሽብኝ መቅጃዋን የሱፍ ካልሲ አለበስኳት።

ይህኛውን እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ሲያልቅ «ድገመው» አለችኝ።

ወደ ሐዋሳ በሚሄድ ዘመድ እጅ ሁሉንም በፍላሽ ልኬልሃለሁ። የመጨረሻውን ማታ፣ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ስማው። እስከ ጥምቀት እዚሁ ነኝ፤ ብትመጣ እማዬም ደስ ይላታል።

የናፈቅኸው ወንድምህ