ብሮሹር ማንበብ ማን ያስተምረን? ከደሴ ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሐኪሞች የመድኃኒት ማስታወቂያን መርምረው እንዲያነቡ ሥልጠና ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

በደሴ ከተማ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ተመላላሽ ሕክምና ክፍል የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። የምጽፍላችሁ ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ልክሰስ ብል የመጀመሪያው ተከሳሽ እኔው ነኝ።

ባለፈው ክረምት፣ ጦሳ ቀኑን ሙሉ ጉም ለብሶ በሚውልበት ሰሞን፣ አንድ የመድኃኒት ኩባንያ ወኪል ካርድ ክፍሉ ሳይከፈት ቀድሞኝ በሬ ላይ ቆሞ አገኘሁት። «ሪፕ» እንላቸዋለን። ትሑት፣ ጫማው የተወለወለ፣ የልጄን ስም እንኳ የማይረሳ ወጣት ነው። ስለ አንድ የደም ግፊት መድኃኒት የሚያብለጨልጭ ብሮሹር ዘረጋልኝ። ሁለት የግራፍ ዓምዶች አሉበት፤ የእሱን መድኃኒት የሚያሳየው ሰማያዊው ከግራጫው እጥፍ ይረዝማል። አራት ደቂቃ ያህል አወራንና እስክሪብቶ ሰጥቶኝ ሄደ። በዚያው ጠዋት፣ በዚያው እስክሪብቶ፣ እላዩ ላይ የታተመውን የንግድ ስም ለአንዲት እናት አዘዝኩላቸው።

እናት ከተንታ የመጡ ናቸው። የጤና መድን ካርዳቸውን በመሐረብ ቋጥረው ይዘዋል። «አላህ ይጨምርልህ ልጄ» ብለው መርቀውኝ ወጡ። የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ የነበረው ተለማማጅ ስሙን በዝርዝሩ ውስጥ ቢያጣው «የለም» አላቸው፤ ወደ ከተማ ወርደው ከኪሳቸው ገዙ። በወሩ ሲመለሱ ግፊታቸው ንቅንቅ አላለም። ለካ ኪኒኑን የሚውጡት በየሦስት ቀኑ ነው። ለምን ብላቸው «አብሽር ልጄ፣ ጫጩቶቹ አድገው እስኪሸጡ ነው» አሉኝ።

ያን ዕለት ፋርማሲስቷ የማዘዣ ወረቀቱን ይዛ ክፍሌ ድረስ መጣች። «ዶክተር፣ ይህ እኮ አምሎዲፒን ነው። እኛ ጋ መደርደሪያ ሙሉ አለ» አለችኝ። በመድን የሚሰጠውን፣ በሆስፒታሉ እጅ የነበረውን መድኃኒት ነው ስሙን ቀይሬ ያስገዛኋቸው።

ብሮሹሩን ከመሳቢያ አውጥተን ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበብነው። ዓምዶቹ የሚነሡት ከዜሮ ሳይሆን ከሰማንያ ነው፤ ከዜሮ ቢነሡ ኖሮ መንትያ ይመስሉ ነበር። ግራጫው ዓምድ ደግሞ ሌላ መድኃኒት ነው፤ ያውም በአነስተኛ መጠን የተሰጠ። የጉንዳን እግር በሚያህል ፊደል ከግርጌ የሰፈረው ምንጭ «በኩባንያው እጅ ያለ መረጃ» ይላል። ባለጉዳዩ ራሱ ምስክር ሆኖ ቀርቧል ማለት ነው። ጎረቤቴ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ገልጦ ሳያይ፣ አስረምዶ ሳይፈትን፣ የባለቤቱን ቃል ብቻ ሰምቶ ገንዘብ አይቆጥርም። እኔ ግን ይህን ያህል ዓመት ተምሬ አራት ደቂቃ በቃኝ።

ነገሩ የእኔ ስንፍና ብቻ ቢሆን ደብዳቤ አያስፈልገውም ነበር። የሥራ ባልደረቦቼን ጠየቅኋቸው። ስለ መድኃኒት አሠራር፣ ስለ ጎን ጉዳት፣ ስለ መጠን ሁላችንም ተፈትነን አልፈናል፤ ማስታወቂያ ፊታችን ተቀምጦ «እስቲ መርምሩት» የተባልን ግን አንድም የለንም። ማስታወቂያው ውሸት ቢሆን ይቀልል ነበር። ከባዱ እውነት ሆኖ የሚያሳስተው ነው። የኮሌስትሮል መድኃኒቱ ሊፒተር በአሜሪካ ሲተዋወቅ ድንገተኛ የልብ ሕመምን በ36 በመቶ ይቀንሳል ይባል ነበር። በኮከብ ምልክት ታች የተጻፈው ዝርዝር ደግሞ ባዶ ኪኒን ከወሰዱት 3 በመቶው፣ ሊፒተር ከወሰዱት 2 በመቶው ሕመሙ እንደደረሰባቸው ይናገራል። ሁለቱም አኃዝ ከአንድ ጥናት የወጣ ነው፤ ሁለቱም ትክክል ነው፤ ከ3 ወደ 2 መውረድ ሲጠጋጋ ከሦስት አንድ እጅ ያህል መቀነስ ነውና። በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ በመድኃኒቱ ምክንያት ከመቶ ሰው አንዱ ከሕመሙ ተረፈ ማለት ነው። መድኃኒቱ ከንቱ ነው አላልኩም፤ እኔም አዛለሁ። ነገር ግን «36» ብቻ የነገሩት ሐኪምና «ከመቶ አንድ» የሚለውን ጭምር ያየ ሐኪም ለአንድ በሽተኛ የሚሰጡት ምክር አንድ ዓይነት አይሆንም።

አንዳንዴ ዋጋው ከዶሮ በላይ ነው። ቫዮክስ የተባለው የሕመም ማስታገሻ ናፕሮክሲን ከተባለ ሌላ ማስታገሻ ጋር ተወዳድሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲታተም፣ ቫዮክስ በወሰዱት ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመም በብዙ እጥፍ በልጦ ታይቶ ነበር። የአምራቹ የሜርክ ማብራሪያ «ናፕሮክሲን ልብን ስለሚጠብቅ ነው» የሚል ነበር። የኩባንያው የሽያጭ ሠራተኞችም ስለ ልብ የሚጠይቅ ሐኪም ሲያጋጥማቸው ጥያቄውን እንዴት እንደሚያልፉት ይሠለጥኑ ነበር። መድኃኒቱ ከገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2004 ነው። በእነዚያ ዓመታት ያዘዙት ሐኪሞች ክፉዎች አልነበሩም፤ የተነገራቸውን ያመኑ ናቸው።

«እኔ በምሳና በእስክሪብቶ አልገዛም» የሚል ባልደረባ አለኝ፤ እኔም እል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ከኩባንያ አንድ ጊዜ እንኳ የተጋበዙ ሐኪሞች፣ የግብዣው ዋጋ ከ20 ዶላር በታች ሆኖ ሳለ፣ የተዋወቀውን መድኃኒት ካልተጋበዙት አብዝተው ሲያዝዙ አሳይቷል። የሐኪሞቹን ውሳኔ የቀየረው ምሳው ራሱ ስለመሆኑ ጥናቱ አያረጋግጥም፤ ቀድሞም መድኃኒቱን የወደዱት ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ ግን የእስክሪብቶዬን ታሪክ አውቃለሁ።

በወኪሎቹ ላይ እንዳይፈረድ። አብዛኞቹ ፋርማሲስቶች ናቸው፣ አብረውኝ የተማሩም አሉባቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በወሎ ብዙ የጤና ተቋማትን ባዶ አድርጎ ካለፈ በኋላ ናሙና በካርቶን ይዞ የመጣ ሪፕ እንደ ዘመድ ነበር የሚታየው። ከደሴ ርቀው በየገጠሩ ሆስፒታል ለተመደቡት ጓደኞቼ ደግሞ ስለ አዲስ መድኃኒት የሚነግራቸው ሌላ ሰው አይመጣም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው፤ ሻጩ መምህራችን ሆኗል፣ ሌላ መምህር ስለሌለ።

ሕግ የለም አልልም። የመድኃኒት ማስታወቂያ ቁጥጥር የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥራ መሆኑን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደንግጓል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው የሥነ ምግባር መስፈርት ማስታወቂያ የመድኃኒቱን ዋና ንጥረ ነገር ስም፣ የጎን ጉዳቱንና ለማን እንደማይሰጥ መያዝ እንዳለበት ዘርዝሯል። ይሁን እንጂ ብሮሹሩ የሚነበበው በእኔ ክፍል፣ በር ተዘግቶ ነው። እዚያ ያለሁት ተቆጣጣሪ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ አልተማርኩም።

የሙያ ፈቃዳችንን ለማደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና እንድንወስድ ታደርጋላችሁ። ከዚያ ውስጥ አንድ ቀን ለዚህ ስጡን። አዳራሽና አበል አያስፈልገውም፤ አምስት እውነተኛ ብሮሹሮች፣ አንድ ፋርማሲስት፣ የተጠቀሱት ጥናቶች ሙሉ ቅጂ ይበቃሉ። ከምን ጋር ተወዳደረ? በምን መጠን? ከመቶው ስንቱ ተጠቀመ? ስንቱ ተጎዳ? ዋጋው ከምናውቀው መድኃኒት በስንት ይበልጣል? ሁለተኛው ልመናዬ፣ ወኪሎች ሐኪምን በየበሩ ከመጠበቅ ይልቅ በሆስፒታሉ የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ ፊት፣ ፋርማሲስት ባለበት ቀርበው እንዲያስረዱ መመሪያ ይውጣ። ግብዣና በኩባንያ ወጪ የሚደረግ ጉዞም መዝገብ ላይ ይስፈር፤ የእኔም ጭምር።

እስከዚያው እኔና ፋርማሲስቷ ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ በኋላ ከሻይ ጋር አንድ አንድ ብሮሹር እየመረመርን ነው። ባለፈው ሳምንት አራት ሆነናል። እናት ደግሞ አምሎዲፒናቸውን ከሆስፒታሉ በመድን ካርዳቸው ይወስዳሉ፤ እስክሪብቶውን ለልጅ ልጃቸው ሰጥቼዋለሁ፣ ስሙን በምላጭ ፍቄ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጠቅላላ ሐኪም፣ ደሴ

አባሪ፦ በኅዳጋቸው ጥያቄ የተጻፈባቸው 6 ብሮሹሮች ቅጂ
ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን