የሶፍትዌሩም ማብቂያ ቀን ደረሰኙ ላይ ይጻፍልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ፣ ማለትም ማይክሮሶፍት በነጻ የሚልከው የደኅንነት ማሻሻያ (አፕዴት)፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱን የሚገልጸውን ዜናችሁን አንብቤዋለሁ። ቀኑ ልክ ነው። ምክሩ ግን «ወደ ዊንዶውስ 11 ይሸጋገሩ» በምትል አንዲት መስመር አለቀ። እኔ ደብረ ማርቆስ፣ ፍርድ ቤቱ አካባቢ፣ ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ እየሠራሁ የምኖር ሰው ነኝ። ያቺ መስመር ዓባይን ተሻግራ እኛ ዘንድ ስትደርስ ምን ጣጣ ይዛ እንደምትመጣ ልጻፍላችሁ።

ከማሽኑ ልጀምር። ዊንዶውስ 11 ያገኘው ኮምፒውተር ላይ ሁሉ አይጫንም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልታመነ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚጠብቀውን ሴኪዩር ቡትም ይጠይቃል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ 8ኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። 8ኛው ጄኔሬሽን ገበያ ላይ የዋለው በፈረንጆቹ 2017 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ላፕቶፕ ራም ቢጨመርለት፣ ሃርድ ዲስኩ ወጥቶ ኤስኤስዲ ቢገባለት፣ መስፈርቱን አታሟላም ተብሎ ይመለሳል።

እዚህ የሚሸጠው ላፕቶፕ ደግሞ አብዛኛው «ስላይትሊ ዩዝድ» ነው። ማስታወቂያው «ኮር አይ ፋይቭ፣ 8 ጂቢ ራም፣ 256 ኤስኤስዲ፣ ባትሪው አሪፍ» ይላል። ጄኔሬሽኑን አይናገርም። ጤፍ ሸጦ ዩኒቨርሲቲ ለገባች ልጁ ላፕቶፕ የሚገዛ አባት ምን ብሎ ይጠይቅ? ዘዴው ቀላል ነው። የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር ማየት ብቻ ነው። አይ5-7200ዩ የሚል ከሆነ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 7 ነው። ሰባተኛ ጄኔሬሽን ማለት ነው፤ አይሆንም። አይ5-8250ዩ ከሆነ ስምንተኛ ነው፤ ይሆናል። አይ5-10210ዩ ደግሞ አሥረኛ ነው፤ ከሰረዙ ቀጥሎ 1 አይታችሁ አንደኛ ጄኔሬሽን ነው ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ሦስቱ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ገዢው በዓይኑ አይለያቸውም። ሻጩ ግን ያውቃል። እያወቀ ዝም ይላል።

ሲጠየቅም መልስ አያጣም። «ችግር የለም፣ ባይፓስ አድርገን እንጭንልሃለን» ይላል፤ መስፈርቱን በዘዴ አልፈን ማለቱ ነው። መጫኑን ይጫናል። ነገር ግን ማይክሮሶፍት ራሱ፣ መስፈርቱን በማያሟላ ማሽን ላይ የተጫነ ዊንዶውስ 11 አፕዴት ለማግኘቱ ዋስትና እንደሌለው በግልጽ ተናግሯል። ለአፕዴት ብለን ተሸጋግረን ያለ አፕዴት ልንቀር ነው እንግዲህ።

«አፕዴት ዳታ ከመብላት በቀር ምን ይሠራልኛል?» የሚል ደንበኛ አላጣሁም። አልፈርድበትም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሳይመለስ ሲቀር፣ አፕዴት የሚባለውን ነገር ረስተነው ነበር። ግን የእኛን ዓይነት ቤት አስቡት። የፍርድ ቤት ጉዳይ ያለው፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያሳትም ተማሪ፣ ፈተና የሚያባዛ መምህር፣ ሁሉም ፍላሹን ይዞ ይመጣና እኔ ማሽን ላይ ይሰካል። ቫይረስ ገብቶበት ፎልደሩ በሙሉ ሾርትከት ሆኖ የሚመጣ ፍላሽ ብርቅ አይደለም። አንዱ ያመጣውን ሌላው ይዞት ይሄዳል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያምስ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ጭምር ሥራ ሲያስፈታ፣ መድኃኒቱ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። የተመቱት አፕዴቱን ያላደረጉት ናቸው። ድጋፉ በ2006 ዓ.ም. ለተቋረጠው ዊንዶውስ ኤክስፒማ መጠገኛው በይፋ የተለቀቀው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ አፕዴት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም።

ዜናችሁ ያላነሳው አንድ ነገር አለ። ዊንዶውስ 10 ላይ መቆየት ለሚፈልግ ግለሰብ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የደኅንነት አፕዴት የሚሰጥ ማራዘሚያ ተዘጋጅቷል። ክፍያው 30 ዶላር ነው። ዶላሩን ከዚህ ሆኖ በምን ካርድ እንደሚከፍሉት እናንተው ታውቃላችሁ። ግን ያለ ክፍያም ይገኛል፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ባክአፕ ማድረግ፣ ማለትም ቅጂውን በኢንተርኔት ማስቀመጥ ነው። አውሮፓ ውስጥ ይህችም ቀርታለች። እዚያ የሸማቾች ማኅበራት ተከራክረው፣ ባክአፕ ካላደረጋችሁ የሚለውን ግዴታ አስነስተዋል። የእኛን አገር ሸማች ወክሎ እንዲህ ያለውን ነገር የጠየቀ አካል አልሰማሁም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሩቁ ኩባንያ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ የቅርቡ ነው።

ለቤቴ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር የገዛሁት አዲስ አበባ ካለ አንድ ሻጭ ነው። ስሙን አልጠራም። ክራክ የተደረገው፣ ማለትም ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራው፣ በነጻ እየዞረ፣ እኔ ከፍዬ፣ ደረሰኝ ተቀብዬ፣ ላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ) ወስጄ ነው የገዛሁት። ኮምፒውተሩን ወደ ዊንዶውስ 11 ሳሸጋግር ላይሰንሱ አልሠራም አለ። ደወልኩ። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ሲነሳም «ቴክኒሻኑ ወጥቷል» ነው። ቴክኒሻኑ የተገኘ ዕለት የሰጠኝ መልስ «ማሽኑን ይዘው ይምጡ» የሚል ነበር። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደጀን ወርዶ፣ የዓባይን በረሃ አቋርጦ፣ ጎሐ ጽዮን ወጥቶ፤ ያውም መንገዱ ሰላም ከሆነ። ለአንድ የላይሰንስ ቁጥር! በስልክ ሊሰጠኝ እንደሚችል ስነግረው «እሱማ የድሮው ቨርዥን ነው፣ አዲሱን ይግዙ» አለኝ። ቀድሞ እንዲህ ቢለኝ ኖሮ የስልክ ካርዴ ይተርፍ ነበር።

አዲሱን ልግዛ ብል ደግሞ የድሮው ፋይል ጉድ አለ። የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጡበትን የጋራ ቁጥር የሚመድበው ዩኒኮድ የእኛን ፊደል ከተቀበለበት ከፈረንጆቹ 1999 በፊት የአማርኛ ሶፍትዌሮች ፊደላችንን የሚያስቀምጡት በእንግሊዝኛው ፊደልና በምልክቶች ቦታ ላይ ነበር። ከዚያም በኋላ ብዙ ቤት በዚያው ሲጽፍ ቆይቷል። የእኔ ቤት አንዱ ነው። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ ኮማ፣ ፐርሰንትና ላቲን ተደባልቆ ይመጣል። ከማቻከል የመጡ አንድ አዛውንት የመሬት ኪራይ ውላቸውን ሊያሳድሱ መጥተው ነበር። የበፊቱን ውል የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ ፋይሉም አለ። ከፈትኩት። ስክሪኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ ከጋቢያቸው ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጡና «ልጄ፣ ውሉ ይኸው እኮ ነው። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩት የቱ ጋ ጣቴን እንዳሳረፍኩ አውቀዋለሁ። ማሽንህ ምን ሆኖ ነው ማንበብ ያቃተው?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ከወረቀቱ ላይ እያየሁ እንደ አዲስ ጻፍኩት። ድንበሩን፣ ምሥክሮቹን፣ የኪራዩን ዘመን፣ ሁሉንም። ሌሎች ባለጉዳዮች ወረፋ ይዘው እያጉረመረሙ።

የሚያናድደኝ ፋይሉ አለመጥፋቱ ነው። ፊደሉ ሁሉ አለ፤ በሌላ ቁጥር ተቀምጦ ነው እንጂ። የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቀው ሶፍትዌሩን የሠራው ሰው ነው። የድሮውን ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም ለደንበኞቹ መስጠት ለእሱ የስንት ቀን ሥራ ነው? እኔ ግን ለዓመታት የተጠራቀመ የውልና የአቤቱታ ፋይል ይዤ፣ ለዚያ ስል አንዱን አሮጌ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ነጥዬ በዊንዶውስ 7 አኑሬዋለሁ። ድጋፉ ጥር 2012 ዓ.ም. ያበቃ ነው። ሌላ ምርጫ የለኝም። በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት ጫን የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። ሊኑክስ ነጻ ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይም ይሠራል፣ አማርኛም ይጽፋል። የእኔን ፋይል ግን እሱም አያነብልኝም።

ለአገር ውስጥ ሶፍትዌር ሠሪዎች መቆርቆር እንዳለብን አውቃለሁ። ለፍተው የሠሩትን በፍላሽ እያባዛን ገበያቸውን ያደረቅነው እኛው ነን፤ ቴክኒሻን ቀጥሮ ስልክ ማስነሳትም ገንዘብ ይጠይቃል። ግን የከፈለውና ያልከፈለው እኩል መከራ የሚያዩ ከሆነ፣ ነገ ማን ይከፍላል? ጎረቤቴ በክራክ የጫነው ይኸው እስካሁን ይሠራለታል። እኔ ደረሰኜን ይዤ ስልክ ስጠብቅ እሱ ይስቅብኛል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የምግብ ዘይት ጀሪካን ላይ እንኳ የማብቂያ ቀን ይጻፋል። ሶፍትዌር የሚሸጥም ደረሰኙ ላይ እስከ መቼ ድጋፍ እንደሚሰጥ፣ በየትኞቹ ዊንዶውሶች ላይ እንደሚሠራ፣ ማሽን ሲቀየር ላይሰንሱ ምን እንደሚሆን ይጻፍልን። ላፕቶፕ ሻጩም የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥርና ዊንዶውስ 11 መቀበል አለመቀበሉን ዋጋው አጠገብ ይለጥፍ። አዲስ ሕግ የሚያሻ አይመስለኝም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። የንግድ ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪዎች ሚዛንና የዘይት ቀን ሊያዩ ወደ ሱቆቹ ሲመጡ አያለሁ። ላፕቶፕ ቤቱን አልፈውት ነው የሚሄዱት። መደርደሪያው ላይ ያለው የአንዱ ላፕቶፕ ዋጋ ግን የስንት ጀሪካን ዘይት ነው!

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ። ቀጣዩን ዜና ስትሠሩ ለአማርኛ ሶፍትዌር ሻጮች ደውሉላቸውና የድሮ ፋይሎቻችንን ወደ ዩኒኮድ መቀየሪያ መቼ እንደሚሰጡን ጠይቁልን። ለጋዜጠኛ ስልክ ያነሱ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ባለሙያ
ደብረ ማርቆስ፣ ምሥራቅ ጎጃም