ውሃው የት ድረስ መጥቶ ነበር? የአደጋ ቅድመ ጥንቃቄ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ በአንድ ጥያቄ ሥራ ጀመረ፦ «ጎርፉ እስከ ዛሬ የት ድረስ መጥቶ ያውቃል?» ተማሪዎቹ ጥያቄውን ይዘው ወደ አያቶቻቸውና ወደ መንደሩ አዛውንቶች ሄዱ። መልሱ ግን በዓመተ ምህረት አልመጣም። «እናትህ በተወለደችበት ክረምት» አሏቸው። «ድልድዩ ሳይሠራ» አሏቸው። መጀመሪያ ግራ ገባን። የአንዱን ትዝታ ከሌላው ጋር ስናገጣጥም ግን ቅደም ተከተሉ ወጣ።

ከዚያ ውሃው ደረሰበት የተባለውን ቦታ ሁሉ በችካል ምልክት አደረግን። ችካል በችካል ስንከተል መስመሩ የትምህርት ቤቱን አጥር አልፎ ገባ። ያን ቀን ልጆቹ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

«እሱ እኮ በመቶ ዓመት አንዴ ነው» የሚሉን ነበሩ። የሒሳብ መምህራችን ስሌቱን ሰሌዳ ላይ ሠሩልን። «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ማለት በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ የሆነ ጎርፍ ነው። አንዴ ስለመጣ ዕረፍት አይሰጥም። በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመምጣት ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ ነው።

የሌሎችንም ታሪክ አነበብን። የኮሎምቢያዋ አርሜሮ በ1845 እ.ኤ.አ. ከእሳተ ገሞራው የወረደ ጭቃ በተነጠፈበት መሬት ላይ የተሠራች ከተማ ነበረች። በ1985 ጭቃው ተመልሶ መጣ። በዚያ አደጋ 23,000 ያህል ሰው አለቀ። የኢንዶኔዥያዋ ሲሙሉ ደሴት ሰዎች ግን የ1907ቱን ሱናሚ ለልጆቻቸው ሲያወሩ ኖረዋል። በ2004 መሬት ስትንቀጠቀጥ ማንንም ሳይጠብቁ ወደ ኮረብታ ሮጡ። ከ70,000 በላይ ከሆነው ነዋሪ በሱናሚው የሞተው በጣት የሚቆጠር ነው። ይህን ካነበብን በኋላ ልጆቹ አዛውንቶቹን የሚጠይቁበት ሁኔታ ራሱ ተለወጠ።

ከሁሉ የከበደን የጎፋው ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሞቱ። ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ሰዎች ነበሩ። ሁለተኛው ናዳ እነሱ ላይ ወረደ። ስለዚህ በመመሪያችን ላይ አንድ ነገር ጨመርን፦ ለእርዳታ ስንሄድ አንድ ሰው ቁፋሮውን ትቶ ዓይኑን ከተዳፋቱ ላይ አይነቅልም።

የአንዲት ተማሪያችን አያት የነገሯትም መመሪያው ውስጥ ገብቷል። ዝናቡ እየዘነበ ወንዙ ድንገት ከጎደለ ሽሹ ብለዋታል። እውነታቸውን ነው። ከላይ ናዳ ወንዙን ዘግቶት ሊሆን ይችላል፤ የተጠራቀመው ውሃ ሲጥሰው ደግሞ በአንዴ ይወርዳል።

የመጀመሪያው ልምምዳችን አልተሳካም። ደወሉ ሲደወል ሁሉም ወደ ተለመደው መንገድ ሮጠ። መንገዱ ደግሞ ጅረቱን ይሻገራል። 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ ሰው ይጥላል፤ በዚያ ላይ የእኛዎቹ ትንንሽ ልጆች ናቸው። መንገዱን የመረጥኩት እኔ ስለነበርኩ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሌላ መውጫ ፍለጋ ተዳፋቱን ደጋግመን ወጣን ወረድን። በመጨረሻ ከክፍሎቹ ጀርባ ባለው አጥር በር አስከፈትን። በሁለተኛው ልምምድ ትልልቆቹ የትንንሾቹን እጅ ይዘው፣ ጅረቱን ሳይነኩ ወጡ።

ውሃው የደረሰባቸውን ቦታዎች ያሰፈርንበት ካርታ አሁን ዋናው በር አጠገብ ተሰቅሏል። ከኮረብታው ጀርባ ያለው ክፍል ገና ባዶ ነው። እዚያ ያሉትን አዛውንቶች ለማነጋገር ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ተመዝግበዋል።