ድሬን አትበትኚው

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ተሽሎታል። ሐኪሙ «ደረጃ አትውጪ» ብሏት ነበር። ትናንት መሰላል ላይ ቆማ የጓሮውን ሎሚ ስታወርድ አገኘኋት። እሷን መምከር ትቻለሁ። አንቺን ገና አልተውኩም።

እሑድ 28 ዓመት ይሞላሻል። ይህ ደብዳቤ ከሣጥኑ ጋር ቅዳሜ እንዲደርስሽ በአውቶቡስ ልኬዋለሁ። በስልክ ብነግርሽ ታቋርጪኛለሽ።

አክስትሽ ማክሰኞ ማታ ደውላ ነበር። መጀመሪያ ስለ ዘይት ዋጋ አወራች። ከዚያ መሀል ላይ፣ «ልጅህ እኮ ያንን ጠረጴዛ ላይ የሠራችውን የድሬዳዋ ሞዴል ባቡሯን ልትበትነው ነው» አለችኝ። ኮምፔንሳቶውን ለሰፈር አናጢ ልትሰጪው ተስማምተሻል አሉ። ምን ነክቷት ነው ብላት፣ «የሞዴል ባቡር መጽሔት አይታ ነው» አለች። ከጀርመን የተመለሰው የሥራ ባልደረባሽ ያመጣልሽ መሆን አለበት። ሌሊቱን ስታገላብጪ አድረሽ፣ ጠዋት «የእኔማ የሕፃን ሥራ ነው» ብለሻታል።

አትበትኚው።

ይቺን አንዲት ቃል ጽፌ ፖስታውን ባሽገው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ታውቂኛለሽ።

ጥፋቱ የኔም ነው። እናትሽ አንቺን በወለደች ዓመት ሦስቱን መጽሔቶቼን ገነጣጥላ፣ በዱቄት ሙጫ ግድግዳው ላይ የለጠፈቻቸው ጊዜ ሳምንት ሙሉ አኩርፌያት ነበር። አልጋሽ አጠገብ የነበረው የሐዲድ ንድፍ ደግሞ ተዘቅዝቆ ነበር የተለጠፈው። ፊደል ሳትቆጥሪ በፊት ያንን መስመር በጣትሽ ትከተይ ነበር፤ አንገትሽን ወደ ግራ አዘንብለሽ። አሁንም ንድፍ ስታዪ አንገትሽን ታዘነብያለሽ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ማንም አይነግርሽም እንጂ ታዘነብያለሽ።

መጽሔት ማየት አስተማርኩሽ፤ ማንበብ ግን አላስተማርኩሽም መሰለኝ። እኔ ከኋላ ነው የምጀምረው። መጀመሪያ ማስታወቂያዎቹን አያለሁ፤ አቅሜ የማይደርስበትን ሁሉ በዓይኔ እገዛለሁ። ከዚያ የአንባቢዎችን ደብዳቤ። ስለ አንድ ፉርጎ ቀለም እየተከባበሩ የሚጣሉ ሽማግሌዎች አሉ፤ እነሱን ስወዳቸው! ከዚያ የሐዲዱን ንድፍ በእርሳስ ጫፍ እከተላለሁ። ባቡሩ ከየት ይመጣል? የት ይታጠፋል? የት ይደበቃል? ፎቶዎቹን ለማታ ነው የማስቀምጣቸው፤ ሐይቁ ዳር፣ ሁለተኛው ቡና ላይ። አንቺ ከፎቶ ጀመርሽ። ከፎቶ የጀመረ ሰው ራሱን ነው የሚጠላው።

ፎቶው ምን እንደሚደብቅ ልንገርሽ። ካሜራው የሚቀመጠው በትንንሾቹ ሰዎች ዓይን ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ የጠረጴዛው እግር አይታይም። ከሥር እንደ በግ አንጀት የተንጠለጠለው ሽቦም አይታይም። ባቡሩ ዋሻ ገብቶ «ሩቅ አገር» ሲሄድ፣ ከተቀባው ሰማይ ጀርባ ሌላ ሐዲድ ላይ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ሁሉም እንዲህ ነው። እነዚያ ሽፋን ላይ የወጡትም ጭምር።

ማሳጠሩም እንደዚያው። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የድሮው የጅቡቲና የአዲስ አበባ መስመር 784 ኪሎ ሜትር ነው። በአንቺ ልክ፣ ማለት በ87 ሲካፈል፣ 9 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ሙሉውን ልሥራ ብትዪ ከቤታችን ተነሥተሽ የጢስ ዓባይን መንገድ ሲሶ ትፈጃለሽ። እና ማንም ሙሉውን አልሠራም። ሁሉም ቆርጦ፣ አጥፎ፣ የሚወደውን አስቀርቶ ነው። አንቺ ደግሞ የድሬን ለገሃር፣ ሁለት ሐዲድና ያቺን ሻይ ቤት አስቀረሽ። ይበቃል።

የሐዲዱ ስፋትም እንዳሳፈረሽ አክስትሽ ነግራኛለች። እሷ የገባት «ሰፋ ነው ምናምን» የሚለው ብቻ ነው፤ እኔ ግን ገብቶኛል። አዎ፣ ተሳስተሻል። የአንቺ ሐዲድ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። እሱ በ87 ሲባዛ 1,435 ይመጣል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የአዲሱ መስመር ስፋት ማለት ነው። አያትሽ የሠሩበት የድሮው መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። ለእሱ የሚሆነው 12 ሚሊ ሜትሩ ነው። ታዲያ ምን ይጠበስ? እንግሊዞቹን እይ። እነሱ ሞዴሎቻቸውን በ76 አካፍለው እየሠሩ፣ የሚያስኬዱት በዚያው በ16.5 ሐዲድ ላይ ነው። ሒሳቡ ትክክል ይሁን ቢባል 19 ሊደርስ ምንም አይቀረው ነበር። አገር በሙሉ በጠበበ ሐዲድ ላይ ስንት ዓመት ሙሉ ይዝናናል። መጽሔቶቻቸውም በእሱ የተሞሉ ናቸው። የአንቺ ሰፋ፣ የእነሱ ጠበበ። አትበትኚውም ማለት ነው።

ሳልረሳው፦ ሶልደሪንግ ስትሠሪ መስኮት ክፈቺ። ትራንስፎርመሩን ለማየት ስትከፍቺ ሶኬቱን ንቀዪ፤ ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። ወደ ሐዲዱ የሚሄደው 12 ቮልት ምንም አያደርግሽም። የግድግዳው 220 ግን ቀልድ አያውቅም። ቴስተሬን ሣጥኑ ውስጥ አድርጌልሻለሁ። ቀዩ ገመድ ላላ ብሏል፤ ጠበቅ አድርገሽ ያዢው። ደግሞ ምሳሽን ብዪ። ለባቡር ብለሽ ምሳ እንደምትዘዪ አውቃለሁ። ይሄ ምክር አይደለም፤ ትእዛዝ ነው።

አሁን ሳልነግርሽ የኖርኩትን ልንገርሽ። እናትሽም ግማሹን ነው የምታውቀው።

በ1979 ዓ.ም. ነው። ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ወርክሾፕ ከተቀጠርኩ ሁለተኛ ዓመቴ፣ ሽምብጥ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ድሬ ናፈቀችኝ። ባሕር ዳር ሁሉ ነገር አላት፤ ባቡር ግን የላትም። ሌሊት የሐይቁ ጀልባ ሲጮህ ነቅቼ፣ ባቡሩ የገባ መስሎኝ አውቃለሁ። እናም ለገሃሩን ኮምፔንሳቶ ላይ በካርቶን ሠራሁት። ሐዲዱ የመዳብ ሽቦ ነው። ዛፎቹን ከደንገል ሠራኋቸው። የደንገል ጭራ በምላጭ አጥሮ ሲተከል ልክ ዘንባባ ነው የሚመስለው፤ ታንኳ የሚሠሩት ሰዎች ቁርጥራጩን በነፃ ይሰጡኝ ነበር። ሞተሩን ከተሰበረ ቴፕ አወጣሁት፤ በአራት ባትሪ ድንጋይ ይሄዳል። ሲሄድ ይንቀጠቀጣል። አንዳንዴ ያለምክንያት ወደ ኋላ ይሄዳል።

አከራዬ «ባቡር እየሠራ ነው» ሲሏት ወፍጮ ልተክል መስሏት ጎረቤት ሁሉ ልታስፈጭ ተዘጋጅታ ነበር። በጎጃም ባቡር ማለት ወፍጮም ነዋ።

ለአያትሽ ጻፍኩላቸው። «አባባ፣ ድሬን ጠረጴዛ ላይ ሠርቻታለሁ፤ መጥተው ይዩልኝ» አልኳቸው። ሸመንደፈር፣ ባቡር ድርጅቱ ውስጥ፣ ጎልምሰው እዚያው ያረጁ ሰው ናቸው። «ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ» ብለው መለሱ።

በዚያው ሰሞን አንድ የውጭ አገር መምህር ኮንትራቱን ጨርሶ ሲሄድ፣ አንድ ካርቶን መጽሔት ትቶልኝ ሄደ። የእንግሊዞቹ ሬልዌይ ሞዴለር ነበረበት። የአሜሪካኖቹ ሞዴል ሬልሮደርም ነበረበት፤ እሱ ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተም ነው። ሌሊት ገለጥኩት። ጆን አለንን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሰውዬው ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ የሚኖር ፎቶ አንሺ ነበር። ቤቱ ሥር ከወለል እስከ ጣራ የሚደርስ ተራራ ሠርቷል። ገደል፣ ድልድይ፣ ዝገት፣ ጥላሸት፣ ሁሉም አለ። ስሙን «ጎሪ ኤንድ ዲፊትድ» አለው፤ በደም ተለውሶ የተሸነፈ እንደማለት ነው፣ ቀልዱን። ፉርጎ የሚጎትትለት ደግሞ ኤማ የምትባል ጀርባዋ ላይ ሰፋፊ የአጥንት ሰሌዳ የተደረደረ ዳይኖሰር ነበረች። ሎኮሞቲቭ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ዳይኖሰር! ሳቅሁ። ከዚያ ሻማውን አነሣሁና የራሴን አየሁት። ካርቶን ነበር። ሲያዩት ካርቶን የሆነ ካርቶን።

በሳምንቱ ለአከራዬ ሰጠኋት። ኮምፔንሳቶውን ፈልጣ ምጣድ ጣደችበት። የደንገል ዛፎቹ ቀድመው ጨሱ። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ እንጀራውንም በልቻለሁ።

አያትሽ መጡ። ከድሬ አዲስ አበባ በባቡር፣ ከዚያ የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ፣ ደብረ ማርቆስ አድረው። እግራቸው አብጦ ነበር። ውኃ አቀረብኩላቸው። ጫማቸውን ሳያወልቁ ክፍሉን አንድ ጊዜ በዓይናቸው ዞሩትና፣ «የታለች ድሬዬ?» አሉኝ።

ዋሸኋቸው። «ለኤግዚቢሽን ወስደውብኝ ነው» አልኳቸው።

ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ደስ አላቸው። ድሬ ተመልሰው የከዚራን ሰፈር ሙሉ አዳርሰዋል፤ የልጄ ሥራ ለኤግዚቢሽን ተወሰደ እያሉ። በየደብዳቤያቸው መጨረሻ ላይ «ኤግዚቢሽኑ መቼ ነው የሚያልቀው?» ይላሉ። ስድስት ደብዳቤ አለኝ፤ ስድስቱም ላይ አለ። በ1981 ዓ.ም. ሲሞቱ አልተመለሰም ነበር።

እንደገና እሠራዋለሁ እያልኩ ነበር እኮ። ግን ከጆን አለን የማያንስ ካልሆነ ብዬ፣ መጽሔት እያነበብኩ ሠላሳ ምናምን ዓመት አለፈ። ማንበቡ አልቆጨኝም፤ ብዙ ጥሩ ማታ ሰጥቶኛል። የሚቆጨኝ ምጣዱ ነው።

ከዓመታት በኋላ ሌላ መጽሔት ላይ ምን አነበብኩ መሰለሽ? ጆን አለን መጀመሪያ የሠራው ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የምትሆን ትንሽ ጠረጴዛ ነበረች። ትልቁን ሲሠራ አልበተናትም። እንዳለች አንሥቶ ትልቁ ውስጥ አስገባት፤ ሐዲዷን ከሌላው ሐዲድ ጋር አገናኘው። እኔ እዚያ ካርቶን ፊት ቆሜ ባፈርኩበት ፎቶ ውስጥ፣ አንዱ ጥግ ላይ ያቺ ትንሿ ጠረጴዛ ነበረች ማለት ነው። አላወቅኋትም።

እሱ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1973 ሞተ። በቀናት ውስጥ ቤቱ ሥር እሳት ተነሥቶ አብዛኛው ተቃጠለ። የኔ በምጣድ፣ የእሱ በእሳት። ግን የእሱን ማንም በእጁ አልሰጠም። የእሱን ዛሬም ሰው በፎቶ ያየዋል። የኔን አንድ ሰው አይቶት አያውቅም፤ ሊያየው የመጣው ሰውም አላየውም።

ስለዚህ አናጢው እሑድ ሲመጣ ቡና አጠጪና ሸኚው። ኮምፔንሳቶ ከፈለገ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ። ማስፋት ካማረሽ ከጎኑ ሌላ ጠረጴዛ ግጠሚ። ብሎኑን ከላይ ሳይሆን ከሥር እሰሪ፤ ስታጓጉዢው ይጠቅምሻል። ያለውን አትንኪ። የኔ እናት፣ አትበትኚው።

ሣጥኑን ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት በፊት መናኸሪያ ሄደሽ ተቀበዪ። ሹፌሩ ስልክሽን ይዟል። ለረዳቱ ጉርሻ ስጪው። ከላይ የዘጌ ቡና አለ፤ ግማሹ የአክስትሽ ነው፣ እንዳትክጃት። ከሥር ደንገል አለ፣ በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለለ። እንደደረሰ ጥላ ላይ ዘርጊው፤ ፀሐይ ካየ ይሰነጠቃል። ለሣሩ የሚሆን ሰጋቱራ ነፍቼ ጨምሬልሻለሁ፤ አረንጓዴ ቀለም ቀብተሽ ካደረቅሽው በኋላ በኮላ ላይ በትኚው።

የክብሪት ቀፎው ውስጥ ያለውን በጥንቃቄ ክፈቺ። አያትሽ ቁመታቸው 1 ሜትር ከ74 ነበር። በ87 ሲካፈል 2 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዋንዛ ቀርጬ ሠራኋቸው። ዓይኔ ስለደከመ ሦስት ጊዜ አበላሸሁ፤ ይሄ አራተኛው ነው። ኮታቸው ግራጫ ነው፤ ቀለሙን አንቺ ቀቢው። ሻይ ቤቱ ጋ ሳይሆን ሐዲዱ ዳር አቁሚያቸው፣ ፊታቸውን ወደ ባቡሩ። ባርኔጣቸው በመንገድ ከተነቀለ በጥርስ መፈልፈያ ጫፍ አንዲት ጠብታ ኮላ አድርገሽ መልሺው። ብዙ እንዳታደርጊበት፤ ይፈስሳል።

አባትሽ
ባሕር ዳር