ደብዳቤ ለልጄ፦ አክስትሽን ሳትጠይቂ እንዳታወጪው

ልጄ፣

ትናንት ማታ ወንድምሽ ደውሎልኝ ነበር። አዲሱ ሥዕላዊ ታሪክሽ የአክስትሽ ታሪክ ነው አለኝ። ስሟን ቀይረሻል፣ ፀጉሯንም አሳጥረሻል። እሱ ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ አወቃት። ሰው ስታዳምጥ አንገቷን ዘንበል የምታደርገውን ነገር ከሳልሽ በኋላ ማን ያጣታል? የመጀመሪያው ክፍል ሰኞ እንደሚወጣም ነገረኝ።

ሌላውን ሁሉ ከማውራቴ በፊት ይህን ልበልሽ። አክስትሽን ሳትጠይቂ እንዳታወጪው።

በሥራሽ አፍሬ አይደለም፤ ታውቂያለሽ። ለአዋቂ የሚሠራ ሥራ ያስፈልጋል። ጭካኔን፣ ፍትወትን፣ ሞትን እንደ ልጆች ተረት እያለሳለሱ ማቅረብ አዋቂን መናቅ ነው። ደብቂው ብዬሽ አላውቅም፣ አሁንም አልልሽም። ያናደደኝ ለወንድምሽ የሰጠሽው መልስ ነው። «ከ18 ዓመት በላይ ተብሎ ተጽፎበታል፣ ታዲያ ምን ችግር አለው?» አልሽው አሉ። ያ ምልክት የሚጠብቀው ሥራውን የሚያየውን ሰው ነው። ሥራው ውስጥ ያለችውን ሴት ማን ይጠብቃት?

አክስትሽ ቴአትር ቤት እንደማትገባ ታውቂያለሽ። ምክንያቱን ግን ግማሹን ብቻ ነው የሰማሽው። ከሳልሽው አይቀር ሙሉውን ስሚ።

23 ዓመቷ ነበር። አብሯት የሚተውነው ሰው ትከሻዋን ይዞ እንዲጮህባት ነበር የተለማመዱት። የመክፈቻው ምሽት ላይ ግን ቀሚሷን ከአንገቷ ጀምሮ ቀደደው። ለካ አዘጋጁና እሱ ቀድመው ተማክረዋል፤ እውነተኛ ድንጋጤ ፈልገው ከእሷ ብቻ ደበቁት። በሁለት እጇ ደረቷን ሸፍና ቃለ ተውኔቷን አንድም ሳታስቀር ጨረሰች። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። ከመጋረጃው ጀርባ ስሄድ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ቁልፍ ስትለቅም አገኘኋት። አላለቀሰችም። «ሦስቱን አገኘሁ፣ አንድ ይቀረኛል» አለችኝ። አዘጋጁ በደስታ እየፈካ መጣ። ጥበብ ማለት ይሄ ነው አላት። እሷ ቀና ብላም አላየችው፤ አራተኛውን ቁልፍ ትፈልግ ነበር።

ያ ቴአትርም ለአዋቂ ብቻ ነበር። በር ላይ ልጆችን ይመልሱ ነበር። ደንቡ ሁሉ ተከብሯል እኮ! በድምፅዋ ብቻ አዳራሹን ጸጥ የምታሰኝ ተዋናይት ግን ከዚያ ወዲያ መድረክ ላይ አልወጣችም። ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በእሷ ብቻ የደረሰ እንዳይመስልሽ። «በፓሪስ የመጨረሻው ታንጎ» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1972 ሲቀረፅ ተዋናይቷ ማሪያ ሽናይደር 19 ዓመቷ ነበር። የመደፈሩን ትዕይንት ዝርዝር ዳይሬክተሩ ቤርቶሉቺና አብሯት የሚተውነው ማርሎን ብራንዶ ተነጋግረው ለእሷ ሳይነግሯት ቀረፁት። ድርጊቱ ትወና ነው። እንባዋ ግን የእውነት እንደነበረ፣ እንደተዋረደችም በ2007 ተናገረች። አሜሪካ ውስጥ ፊልሙ ለአዋቂ ብቻ የሚለው «ኤክስ» ተለጥፎበታል። ለእሷ ምን ፈየደላት? የአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤችቢኦ ወሲባዊ ትዕይንት ባለበት ሥራው ሁሉ ከተዋንያን ጋር ቀድሞ የሚነጋገር፣ ቀረፃው ላይም አብሮ የሚቆም ባለሙያ እንደሚመድብ ያስታወቀው በ2018 ነው። ስንት ዓመት እንደፈጀ አስቢው።

አንቺ ብቻሽን ጠረጴዛ ላይ ስለምትሠሪ ይህ የማይመለከትሽ ይመስልሻል። ይመለከትሻል። የአክስትሽን ቀሚስ በወረቀት ላይ እንደገና ልትቀጂው ነው። ምናልባት እሷም ታሪኩ እንዲወጣ ትፈልግ ይሆናል፤ ማን ያውቃል? እስካልጠየቅሻት ድረስ ግን አንቺም እንደዚያ አዘጋጅ ነሽ። ከባድ ቃል እንደሆነ አውቃለሁ። ስለምወድሽ ነው የማልሸፍንልሽ።

ደግሞ ቀለም የምትቀባልሽን ልጅ አትርሺ። አንባቢ ያንን ገጽ በግማሽ ደቂቃ ያልፈዋል። እሷ ቀኑን ሙሉ አጉልታ ስታየው ትውላለች። ገጾቹን ከመላክሽ በፊት ምን እንዳለባቸው ንገሪያት። ይህን አልችልም ካለችሽ ክፍያዋን ሳትቀንሺ ሌላ ገጽ ስጫት።

ስለ ምልክቱም ቢሆን «18» ብቻ ጽፈሽ አትተኚ። ውስጡ ምን እንዳለ በግልጽ ጻፊ፤ ጥቃት ከሆነ ጥቃት በይው። አውሮፓ ውስጥ ለቪዲዮ ጌሞች የሚያገለግለው ፔጊ የተባለው የዕድሜ ምልክት ከዕድሜው ቁጥር ጎን ዓመፅ ይሁን አስፈሪ ነገር በሥዕል ያሳያል። ሽፋኑን ደግሞ እንደገና እዪው። ወንድምሽ ልኮልኝ አየሁት፤ የተቀደደው ቀሚስ እዚያው ሽፋኑ ላይ አለ። ሽፋን እኮ ዕድሜ ከሚጠየቅበት በር ውጭ ነው። የአሥር ዓመት ልጅም ያየዋል።

በሩም ቢሆን ሁሉንም አያግድም። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው «ሠርቲን ሪዝንስ ዋይ» የተባለው ተከታታይ ድራማ የአዋቂ ምልክት ነበረው፤ ታዳጊዎች ግን በብዛት አዩት። አንዲት ተማሪ ራሷን የምታጠፋበትን ዝርዝር ትዕይንት ባለሙያዎች አጥብቀው ተቃውመው ነበር። በመጨረሻ የተቆረጠው በ2019 ነው። አስቀድሞ ቢታሰብበት ምን ነበረበት እላለሁ።

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። የሰኞውን አቆዪው። አንባቢዎችሽን ዘግይቷል በያቸው፣ ይታገሡሻል። ለአክስትሽ በጽሑፍ እንዳትልኪባት፤ ጠዋት ደውይላት፣ ማታ ቶሎ ነው የምትተኛው። ከዚያ ገጾቹን በትልቁ አሳትመሽ ራስሽ ይዘሽላት ሂጂ። ስታነብ አጠገቧ ተቀመጪ፣ አታስረጃት። አስቢበት በያትና ጊዜ ስጫት። እሺ ብትልሽ እንኳ የትኛው ገጽ ይውጣ፣ የትኛው ይቅር፣ እሷ ትምረጥ። ከገቢውም ድርሻዋን በወረቀት አድርጉት፤ ቤተሰብ ነን ብለሽ እንዳታልፊው። እምቢ ካለችሽ ግን ተይው። የስንት ወር ድካም እንደሆነ አውቃለሁ፣ የኔ ዓለም። ሆድሽ እንደሚባባም አውቃለሁ። ቢሆንም ተይው። እሷን ሳትጠይቂ እንዳታወጪው።

ሌሊቱን ሙሉ ስክሪን ላይ አትፍጠጪ፣ ዓይንሽ እንደገና መቅላቱን ወንድምሽ ነግሮኛል። ሐኪሙ ያዘዘልሽን ጠብታ አታቋርጪ። ከአክስትሽ ጋር ተነጋግራችሁ ስትጨርሱ፣ ምንም ትበልሽ ምን፣ መጀመሪያ ለእኔ ደውይልኝ።

እናትሽ