ስለ «ዋን ኦፍ» ድጋፍ

ጤና ይስጥልኝ የጋዜጣው አዘጋጅ፣ የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው፣ እንጨት ሥራ ላይ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ ዜናችሁ «ዋን ኦፍ ድጋፍ ይሰጣል» ይላል፣ ወርክሾፓችን ውስጥ አንዱ ልጅ ጮክ ብሎ አነበበውና ቡናው እስኪፈላ ተከራከርንበት። አንዱ «ኦፍ ካለማ ተዘግቷል ማለት ነው» አለ፣ ሌላው «ኧረ ቅናሽ ነው፣ ልብስ ቤቶቹ ሀያ ፐርሰንት ኦፍ ብለው ይለጥፉ የለ እንዴ»። ሁለቱም አይደለም።

እኔ ቃሉን የተማርኩት በኪሳራ ነው። አንድ ድርጅት (ስሙ ይቅርና) የወንበር ድሮዊንግ ሰጠኝ፣ ጥጉ ላይ «1 ኦፍ» ይላል፣ እኔ የድሮዊንጉ ቁጥር መስሎኝ፣ ቢሮው ደሞ ስድስት ሰው እንዳለው ስለሰማሁ በጥሩ ዋንዛ ስድስት ወንበር ሠርቼ ወሰድኩላቸው፣ አንዱን ብቻ ተቀበሉኝ። በኋላ ቶርኖ ቤት የኖሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው የነገሩኝ፣ እንግሊዞች ድሮዊንግ ላይ ከቁጥር ቀጥሎ ኦፍ ካሉ ስንት ይሠራ ማለታቸው ነው፣ 6 ኦፍ ስድስት ሥራ፣ 1 ኦፍ አንድ ብቻ። ቃሉም ከዛው ከብረት ማቅለጫ ቤት በ1930ዎቹ (በፈረንጆቹ) ወጥቶ ነው ወደ ክፍያውም ወደ ስብሰባውም የገባው። አሜሪካኖቹ ለክፍያ ሲሆን ዋን ታይም ማለት ይቀናቸዋል፣ እሱ እንኳ ለኛ ይቀላል፣ ስልካችን ላይ የሚመጣው ኮድም ዋን ታይም ነው የሚባለው።

ግን ደሞ ሁሉንም «የአንድ ጊዜ» ብሎ መገላገልም አይሆንም። የሐኪም ቤት መርፌ የአንድ ጊዜ ነው፣ ተወግተህ ትጥለዋለህ፣ ዋን ኦፍ ግን አይደለም፣ ፋብሪካው በሚሊዮን ነው የሚያመርተው። ዋን ኦፍ የሚሆነው የማይደገም ነገር ነው፣ እንደኔ ወንበር አንድ ብቻ ተሠርቶ የሚቀር (ስድስት ባልሠራው ኖሮ)። ሰውን ዋን ኦፍ ካሉት ደሞ ሙገሳ ነው፣ እኛ «እንደሱ ያለ አልተፈጠረም» እንደምንለው።

ስለዚህ ድጋፉን «ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ» ብላችሁ ጻፉልን፣ ምን ይከብዳል? በየወሩ የሚመጣ መስሎት ዱቤ የሚገባ ሰው አለ እኮ።

አምስቱ ወንበሮች አሁንም አሉ፣ ፈላጊ ካለ።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ